ቀይ ቀበሮ መሳል ቅንጦት አይደለም፦ ስለ ተፈጥሮ ጥበብ ሥልጠናና ስለ ገንዘቡ የሚነገሩ ስሕተቶች

ለሰፈር ልጆች ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት የሥዕልና የእጅ ሥራ ሥልጠና ላዘጋጅ ብሎ ገንዘብ የጠየቀ ሰው፣ የሚሰማው መልስ በየቦታው ተመሳሳይ ነው። ከክፋት የመነጨ መልስ አይደለም። የተሳሳተ ግን ነው፤ ስንት ጥሩ ሐሳብም በእንጭጩ አስቀርቷል።

«መጀመሪያ እንስሳቱ ይጠበቁ፤ ሥዕሉ ይደርሳል»

በብዛት የምሰማውም፣ በጣም የሚያሳዝነኝም ይኸኛው ነው። ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ የቀረውም ወደ 500 ገደማ ቢሆን ነው። ልጆችን ቀይ ቀበሮ ሳሉ ስትሏቸው ብዙዎቹ በግ በአፉ አስነክሰው ይስሉታል። ከትልልቅ ሰዎች የሰሙት እንደዚያ ነዋ! ዋናው ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው፤ በግ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው።

ከባዱ አደጋ ደግሞ የሚመጣበት ከእኛው ደጅ፣ ከውሾቻችን ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ በባሌ ተራሮች በሽታው ገብቶ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ሥልጠናው ላይ ልጁን ከቀበሮው አጠገብ የቤቱን ውሻ ጨምሮ እንዲስል አድርጉት። «ውሻችሁ ተከትቧል?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ራሱ ይመጣል፤ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ሲገባም ጥያቄው አብሮት ይገባል። ይህን ያህል የሚሠራ ፖስተር አላየሁም።

በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ የሣር ምድርንም አስቡ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው የነዋሪው ስምምነት ነው፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ (ከሣር ለሚሠራ የዝናብ ልብስ) ያጭዱታል። ገሳ መሥራት የሚችል እጅ እስካለ ድረስ ሣሩን የሚሳሳለት ሰው አለ። ስለዚህ ገሳ መሥራት የሚያስተምሩ አዛውንት ሲከፈላቸው ገንዘቡ ለጥበቃው እንደዋለ ቁጠሩት።

«ሠዓሊ ነው፤ ለልጆች ሲባል በነፃ ያስተምር»

አንድ ጊዜ ያቀረብነው በጀት ቀለምና ወረቀቱ ጸድቆ የአሰልጣኟ ክፍያ ተሰርዞ ተመለሰልን። ቀለሙ ተገዛ። እሷ ሁለት ቅዳሜ መጣች፤ ከዚያ ቀረች። የራሷን ልጆች ማሳደግ አለባት። ቀለሙ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁንና የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የማይገናኘው ነው። ልጆቹ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ ነው። በበጀቱ ላይ በዚያው ረድፍ፣ ሳታፍሩ ጻፉት፤ ለትራንስፖርቱም፣ ለልጆቹ ዳቦና ሻይም እንዲሁ።

«ከውጭ ረጂ ካልተገኘ አይሆንም»

ዕድሩ ድንኳንና ወንበር አለው። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ክፍል አለው። የሰፈሩ ዳቦ ቤት ሲጠየቅ እምቢ አይልም። እነዚህን ሁሉ በብር ተምናችሁ «የማኅበረሰቡ መዋጮ» ብላችሁ በጀቱ ላይ አስገቡ። ገንዘብ የሚሰጥ አካል፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ሰፈሩ ከኪሱ ያወጣበትን ሥራ በተሻለ ያምናል።

«ዕቃው ውድ ነው»

ከሰል ይሥላል። ቀይ አፈር በውኃና በእንቁላል አስኳል ሲበጠበጥ ቀለም ይወጣዋል። ሸክላ አለ፣ ስንደዶ አለ። ብቻ አንድ ጥንቃቄ፦ ቀንድ፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና የመሳሰለውን የዱር እንስሳ አካል ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ልጅ ወድቆ አገኘሁ ብሎ ቢያመጣው እንኳ ለሥራ አትጠቀሙበት።

«ሥዕሎቹ ተሸጠው ወጪውን ይመልሳሉ»

አይመልሱም። ደግሞም ይሸጣል የተባለ ዕለት ልጆቹ ያዩትን ትተው ገዢ የሚወደውን መሳል ይጀምራሉ፤ ጭላዳው ፈገግ ይላል፣ አንበሳው ዘውድ ይጭናል። ሥዕሎቹን ወላጅ በሚያልፍበት በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ስቀሏቸው። ለረጂው በሚላከው ሪፖርት ላይ ስንት ልጅ እንደመጣ፣ እስከ መጨረሻው ስንቱ እንደዘለቀ፣ ሥልጠናው ሲጀመር ያልተከተቡ ውሾች ከነበሯቸው ቤቶች መካከልም ስንቱ እንዳስከተቡ ጻፉ።