ተሽከርካሪን ከስርቆት ለመጠበቅ የሚመረጡ የመከታተያ መሣሪያዎች፦ በድሬዳዋ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ልጅም አዋቂም ብስክሌት ይነዳባታል፤ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ከዚራ ደግሞ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው። በዕቁብና በብድር የተገዛ ባጃጅ ሲሰረቅ ቤቱ የሚያጣው ንብረቱን ብቻ አይደለም፤ የዕለት ገቢውም አብሮ ይሄዳል፣ ዕዳው ግን ይቀራል። በመሆኑም በተለምዶ ትራከር ወይም ጂፒኤስ የሚባለው የመከታተያ መሣሪያ ፈላጊው መብዛቱ አያስገርምም። የሚያሳስበው መሣሪያው በሻጭ አንደበትና በዋጋው ብቻ እየተመረጠ መገዛቱ ነው። መሣሪያው ስርቆትን አያስቀርም፤ ሥራው ተሽከርካሪው የት እንዳለ መናገር ነው። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት መልእክቱ በምን መንገድ ይወጣል፣ ለማን ይደርሳል፣ የደረሰውስ ሰው ምን ያደርጋል ከሚሉት ጥያቄዎች ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ትራከር በሳተላይት ስለሚሠራ የስልክ ኔትወርክ አያስፈልገውም።»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሰዓትንና የራሳቸውን አቀማመጥ የሚገልጽ ምልክት ያሰራጫሉ፤ መሣሪያው ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ተቀብሎ የቆመበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ሳተላይቱ ግን መሣሪያውን አይሰማውም፣ የት እንዳለም አያውቅም። የተሰላው ቦታ ባለቤቱ ዘንድ የሚደርሰው በመሣሪያው ውስጥ በገባው ሲም ካርድ፣ በተራው የስልክ ኔትወርክ በኩል ነው። የሲም ካርዱ ሒሳብ ካለቀ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቀርቶ ከተዘጋ፣ መሣሪያው ቦታውን በትክክል እያወቀ ባለቤቱ ምንም አያይም። ፍጆታው ብዙ አይደለም፤ ቦታውን በየግማሽ ደቂቃው የሚልክ መሣሪያ እንኳ በወር የሚፈልገው ከጥቂት ሜጋ ባይት እስከ ጥቂት አሥር ሜጋ ባይት ዳታ ነው። ሆኖም የሲሙን ሒሳብ የሚከታተል አንድ ሰው ከቤት ውስጥ መመደብ አለበት።

ዘመድ ከውጭ አገር የሚልካቸውን መሣሪያዎች በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ትራከሮች ለዚያው አገር ፍሪኩዌንሲና ወርኃዊ ክፍያ ለሚጠይቅ አንድ ኩባንያ ብቻ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ እዚህ ሲደርሱ የሚገናኙት ኔትወርክ ላያገኙ ይችላሉ። ከመግዛት በፊት መሣሪያው የማንኛውንም ኩባንያ ሲም መቀበሉን ማረጋገጥ፣ ከተቻለም ሱቁ በራፍ ላይ ሲሙን አስገብቶ መሞከር ይገባል።

የሲሙ ምርጫም በተሽከርካሪው መንገድ ይወሰናል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለደንበኞች የመጀመሪያውን የሙከራ አገልግሎት ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው በድሬዳዋ ነውና የከተማዋ ነዋሪ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለው። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ሐረር ለሚወጣ ሚኒባስ የሚስማማው ሲም በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ ለሚወርድ የጭነት መኪና ላይስማማ ይችላል፤ በዚያው መንገድ ላይ ሁለቱንም በስልክ ሞክሮ መምረጥ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ሲሙ ከአገር ውጭ የሚሠራበት አገልግሎት ካልተከፈተለት፣ ተሽከርካሪው ወደ ጅቡቲ በተሻገረ ጊዜ መሣሪያው ዝም ይላል። ኔትወርክ በጠፋበት ሜዳ የተሰሉትን ነጥቦች አስቀምጦ ኔትወርክ ሲያገኝ የሚልክ መሣሪያም ለረጅም መንገድ ተመራጭ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ኤርታግ ርካሽና ትንሽ ጂፒኤስ ናት።»

አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ያቀረባት ኤርታግ ዕቃ ላይ የምትደረግ ትንሽ መለያ ናት፤ ጂፒኤስም ሲም ካርድም የላትም። በብሉቱዝ ምልክት ትሰጣለች፤ በአጠገቧ ያለ የአፕል ስልክ ምልክቱን ተቀብሎ ቦታዋን በኢንተርኔት ለባለቤቷ ያስተላልፋል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድሮይድ ስልኮች ተመሳሳይ አሠራር ጀምሯል። እንዲህ ያለው መለያ ጠቃሚነቱ በዙሪያው ባሉ ስልኮች ብዛትና ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሰው በሚበዛበት የከዚራ ጎዳና ሊያገለግል ይችላል፣ ወደ ሽንሌ በሚወስደው ጭር ያለ ሜዳ ግን የሚሰማው ስልክ ከሌለ የለም ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሰዎችን በስውር መከታተልን ለመከላከል ሲባል፣ የሌላ ሰው መለያ አብሮት የሚጓዝ ሰው ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው በአፕልም በአንድሮይድም ስልኮች ላይ ይሠራል። ሰውን ከመከታተል የሚጠብቀው ይኸው መልካም ሥርዓት ሌባውንም ያነቃዋል። ለልጅ ብስክሌት ከኮርቻው ሥር ብትደረግ እንደ ዝቅተኛ አማራጭ እቀበላታለሁ፤ ለባጃጅና ለመኪና ብቸኛ መከላከያ ማድረግ ግን ስህተት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ለመኪና የተሠራው ለሞተር ሳይክልም ይሆናል።»

ልዩነቱ ያለው ባትሪው ላይ ነው። 4 አምፒር አወር ባትሪ ያለው ትንሽ ሞተር ሳይክል ሳይነሳ ቆሞ፣ ትራከሩ ያለማቋረጥ 50 ሚሊ አምፒር ቢወስድ ባትሪው በ80 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ከሦስት ቀን ጥቂት ባለፈ ጊዜ ይሟጠጣል። ተሽከርካሪው ሲቆም ራሱን አስተኝቶ 5 ሚሊ አምፒር ብቻ የሚወስድ ቢሆን ግን ከ30 ቀን በላይ ይቆያል። የመኪና ባትሪ ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ችግሩ ቶሎ አይታይም። ለሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ስለ አፕሊኬሽኑ ውበት ከመጠየቁ በፊት መሣሪያው ተኝቶ ሳለ ስንት ሚሊ አምፒር እንደሚወስድ ሊጠይቅ ይገባል።

የድሬዳዋን ሙቀትም መዘንጋት አይገባም። የባትሪው ገመድ ሲቆረጥ መሣሪያውን የሚያቆየው በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ በተለምዶ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባለ ሙቀት መሞላት የለበትም፣ በሙቀት ውስጥ ሲኖርም ዕድሜው ያጥራል። በቀትር ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ መሣሪያውን ከመስታወት ሥርና ከሞተር አጠገብ ማራቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ለሚታጠቡት ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ደግሞ አይፒ67 የሚል ደረጃ ያለው ይመረጣል፤ ይህ ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውኃ አያስገባም ማለት ነው።

በመኪና መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካው ዓይነት ለመግጠም ቀላል ቢሆንም ሌባውም በአንድ እጁ ይነቅለዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «በደንብ ከተደበቀ ማንም አያስቆመውም።»

የሳተላይትንና የስልክን ምልክት የሚያፍኑ መሣሪያዎች በዓለም ላይ አሉ። ከዚያ በላይ የሚያጋጥመው ግን በገጣሚው የሚፈጠር ስህተት ነው፤ መሣሪያው ከወፍራም ብረት ሥር ሲቀበር ሌባው ሳይነካው ራሱ ምልክቱን ያጣል። ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ ብቻ በሸፈነው ቦታ፣ አንቴናው ወደ ሰማይ ዞሮ ሊገጠም ይገባል። የመኪና ኤሌክትሪሻኑም የሚታመን መሆን አለበት፤ መደበቂያውን ያውቃልና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አፕሊኬሽኑ ስልኬ ላይ ካለ በቂ ነው።»

ሌሊት የመጣ መልእክት ድምፁ በተዘጋ ስልክ ላይ ቢደርስ፣ ባለቤቱ የሚያየው ጠዋት ነው፤ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ተሽከርካሪው ሲነቃነቅ፣ ገመዱ ሲቆረጥ ወይም ከተወሰነ ክልል ሲወጣ መልእክት ከመላክ አልፎ የሚደውል መሣሪያ ይመረጥ፤ የሚደውለውም ቢያንስ ለሁለት ሰው ይሁን። የመሪ ቁልፍና የጎማ ሰንሰለትም አይተዉ። ሌባውን የሚያዘገዩት እነርሱ ናቸው፤ ትራከሩ ዋጋ የሚኖረውም ጊዜ ሲገኝ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሞተሩን ከሩቅ ማጥፋት ከቻልኩ ሌባው አለቀለት።»

በነዳጅ ወይም በማስነሻ መስመር ላይ በሚገባ ሪሌ፣ ማለትም በትእዛዝ መስመሩን በሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሞተሩን ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል። ነገር ግን በደንገጎ ቁልቁለት እየወረደ ያለ መኪና ሞተሩ ቢጠፋ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይዳከማል፤ ተጎጂውም መንገድ ዳር የሚሄድ ሰው ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ካልሆነ ትእዛዙን የማይፈጽም መሣሪያ መምረጥ ግዴታ ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ትእዛዙን የሚሰጠው ባለቤቱ ብቻ ላይሆንም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢትሳይት የተባለው ኩባንያ ማይኮደስ ኤምቪ720 በተባለ ርካሽ ትራከር ላይ 6 የደኅንነት ክፍተቶች ማግኘቱን ይፋ አድርጓል፤ በእነዚህ ክፍተቶች የሚገባ ሌላ ሰው ተሽከርካሪውን ሊከታተልና ነዳጁንም ሊያቋርጥ ይችል ነበር። ብዙ ትራከሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የይለፍ ቃላቸው 123456 ነው። ይህን በተገጠመበት ቀን ያልቀየረ ሰው የተሽከርካሪውን ውሎ ለማያውቀው ሰው ክፍት አድርጎ ትቶታል።

ባጃጁን ለሹፌር የሰጠ ባለቤትም መሣሪያው መገጠሙን ሊነግረው ይገባል። የሹፌሩ ውሎ የግል መረጃው ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን መረጃ መሰብሰብን በሥርዓት አስሯል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ነጥቡ ያረፈበት ቤት የሌባው ቤት ነው።»

ከሁሉ የከፋ መዘዝ ያለው ይህ ነው። ተራ የጂፒኤስ መቀበያ በጠራ ሰማይ ሥር እንኳ 5 ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል። ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙት የመጋላ ቤቶችና በሐረር ጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች ምልክቱ ከግንብ ወደ ግንብ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይሰፋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የገባ ሞተር ሳይክል ደግሞ ከመግባቱ በፊት የነበረበትን የመጨረሻ ነጥብ ሊያሳይ ይችላል። በካርታው ላይ አንድ ጣት የማይሞላው ልዩነት ሌባውን ከንጹሕ ጎረቤቱ የሚለይ ነው። ስልኩን ይዞ ወጣቶችን አሰባስቦ በር ማንኳኳት ንጹሕ ሰውን ለውርደትና ለድብደባ ያጋልጣል፤ ባለቤቱንም ለአደጋ። የሰው ቤት ከመፈተሽ የተጠበቀ መሆኑን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ደንግጓል። ነጥቡ መሰጠት ያለበት ለፖሊስ ነው፤ አብሮም የሊብሬው ኮፒ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ እንዲሁም መሣሪያው የመዘገበው የጉዞ መስመር ይቅረብ። እነዚህ ሰነዶች ፎቶ ተነስተው ከተሽከርካሪው ውጭ ሊቀመጡ ይገባል፤ ሊብሬውን ባጃጁ ውስጥ ትቶ የተሰረቀበት ሰው ንብረቱ የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ኢንሹራንስ ስላለኝ ትራከር አያስፈልገኝም።»

በሕግ የተገደደው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው እንጂ ለተሰረቀ ተሽከርካሪ አይከፍልም። ስርቆትን የሚያካትት ሙሉ ሽፋን የገዛ ሰውም ትራከር መግጠሙ በዓረቦኑ ወይም በካሳ አከፋፈሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ካለ፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ከኩባንያው በጽሑፍ ይጠይቅ።