የሰብዓዊ መረጃ ሬዲዮ ምንድን ነው?

ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የዓለም ዜና አይደለም። ልጄ የት ናት? ንጹሕ ውሃ የት አለ? ስንዴው የሚታደለው መቼ ነው? ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ተብሎ የሚዘጋጅ ስርጭት የሰብዓዊ መረጃ ሬዲዮ ይባላል። ተራ ዜና «በመጠለያው ኮሌራ ገባ» ብሎ ያልፋል። ይሄኛው ግን ውሃውን በምን እንደምታክሙት፣ ልጅ ሲያስቀምጠው ምን እንደምታጠጡት፣ የሕክምናው ድንኳን በየት በኩል እንዳለ ካልነገራችሁ ሥራውን አልሠራም።

ሬዲዮ ሰው ያስፈጀበትም፣ ሰው ያገናኘበትም አንድ ዓመት አለ፤ 1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። በሩዋንዳ አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ለጭፍጨፋ ይቀሰቅስ ነበር። ከዚያ ጭፍጨፋውን የመራው መንግሥት ሲሸነፍ፣ በጁላይ ወር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር አቋርጦ ጎማ ገባ፤ በዛሬዋ ኮንጎ፣ በያኔዋ ዛየር። መሬቱ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። መጸዳጃም መቃብርም ለመቆፈር አሻፈረኝ ይላል። ኮሌራና ተቅማጥ በመጀመሪያው ወር ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሱ። ልጆችም ከወላጆቻቸው ተለያይተው ተበተኑ።

ቢቢሲ በዚያው ዓመት በሩዋንዳና በቡሩንዲ ቋንቋዎች፣ በኪንያርዋንዳና በኪሩንዲ፣ «ጋሁዛሚርያንጎ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። «ቤተሰብ አገናኝ» እንደ ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር የጠፉ ሰዎችን ስም ማንበብ ነበር። አጭር ሞገድ ድንበር ስለማያግደው፣ ሩዋንዳ የቀረች እናትም ታንዛኒያ የገባ ልጅም እኩል ይሰሙት ነበር። እኛም የጠፋ ሰው ማስታወቂያ በሬዲዮ እየሰማን ስላደግን ነገሩ አዲስ አይሆንብንም።

ግን ስም ማንበብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሩዋንዳ ልማድ ልጅ የአባቱን ስም አይከተልም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ስም ይወጣለታል። አንድ ስም ብቻውን ቢጠራ የማን ልጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የእናትና የአባት ስም፣ የመጣበት ኮረብታ ሁሉ መጨመር አለበት። የሰዓቱ ነገርም አለ። ኪንያርዋንዳ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ጧት ሁለት ሰዓት የሚሉት የፈረንጆቹን ስምንት ነው። እርዳታ አዳዩ በራሱ ሰዓት ቢያስነግር፣ ሰልፈኛው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ቋንቋ ማወቅ ስል ይህንንም ማለቴ ነው።

በኦገስት 1994 ደግሞ በሌላዋ የዛየር ድንበር ከተማ፣ ቡካቩ ላይ «አጋታሽያ» የተባለ ጣቢያ ተከፈተ። ስሙ የአንዲት ትንሽ ወፍ ነው። የሥራው ከባድነት ይታያችሁ። በስደተኞቹ መሐል ግድያውን የመሩ ሰዎችም ነበሩ፤ «አገራችሁ ብትመለሱ ያልቅላችኋል» እያሉ ያስፈራራሉ። አሉባልታ እንደዚህ ሲገባ «ውሸት ነው» ብሎ መጮህ ብዙም አይፈይድም። የሚሻለው የታወቀውን መናገር፣ ያልታወቀውን «ገና አላወቅንም» ማለት ነው። ከዚህ ጣቢያ በመነሣት በ1995 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሂሮንዴል የተባለው ድርጅት ተቋቋመ።

መቀበያ የሌለውስ? ባትሪ የሚገዛበት የሌለውስ? በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በጁባ፣ ጦርነት ሸሽተው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ለገቡ ሰዎች «ቦዳ ቦዳ ቶክ ቶክ» ተጀመረ። ፕሮግራሙ በባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ፣ ግቢው ውስጥ እየዞረ ይሰማ ነበር። ዘጋቢዎቹ ራሳቸው ተፈናቃዮች ነበሩ። ሞገድ ስለሌለው ሬዲዮ አይባልም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከብዙ ኤፍኤም ይበልጥ ሬዲዮ ነው እላለሁ። ሞተሩ ቆሞ ሰው ዙሪያውን ሲሰበሰብ፣ የሚሰማው የራሱን ጎረቤት ድምፅ ነበር፤ ቅሬታ ካለውም ዘጋቢው መቅረጫውን ይዞ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር።