88 ዴሲቤል የ85 እጥፍ የሚሆነው እንዴት ነው?

የድምፅ መለኪያው ትናንት 85 ዴሲቤል አሳይቶ ዛሬ 88 ቢል፣ ብዙ ሰው «ሦስት ብቻ ነው የጨመረው» ብሎ ያልፈዋል። ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ አይደመርም፤ 3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። 85 ከሚያሰማ ወፍጮ አጠገብ እኩያውን ብታስነሡ ንባቡ 170 ሳይሆን 88 ነው። (ወፍጮ ቤት ውስጥ ለመነጋገር የሞከረ ሰው 85 ራሱ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል።)

ስለዚህ የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ለ85 ዴሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩ ሲመክር፣ ለ88 ከ4 ሰዓት፣ ለ100 ደግሞ ከ15 ደቂቃ በላይ አትቆዩ ይላል። ተቋሙ በነፃ ያቀረበው የአይፎን መተግበሪያ ይህን ስሌት ራሱ ይሠራዋል። ከሚያሳያቸው ቁጥሮች ዋናው በመቶኛ (%) የተጻፈው ነው፤ ከቀኑ የድምፅ ድርሻ ምን ያህሉ እንዳለቀ ይናገራል፤ 100% ሲሞላ ድርሻው አልቋል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን ንባቡ አይታመንም።