የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ሚውቴሽን፦ ምን ያህል ቶሎ? በምን መንገድ?

የሰው ሴል ዲ ኤን ኤውን ሲገለብጥ ስህተቱን እየተከታተለ የሚያርምለት ኢንዛይም አለው። ዘረመላቸው አር ኤን ኤ የሆነው ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮና ኢቦላ ይህ የላቸውም። ስለዚህ ሲባዙ ከ10,000 እስከ 1,000,000 ኑክሊዮታይድ (የዘረመል ፊደል) በተገለበጠ ቁጥር በአማካይ አንድ ስህተት፣ ማለትም ሚውቴሽን፣ ይገባል። አብዛኛው ስህተት የሚጎዳው ራሱን ቫይረሱን ነው፤ ከብዛቱ የተነሳ ግን የሚጠቅመውም አይጠፋም።

ኤች አይ ቪ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መድኃኒት ባልጀመረ ሰው ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አዳዲስ ቫይረሶች ስለሚፈጠሩ፣ አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ቫይረስ ሕክምናው ሳይጀመርም ሊኖር ይችላል። ሁለት ሦስቱን ባንድ ጊዜ የሚቋቋም ግን በአጋጣሚ መገኘቱ እጅግ ይከብዳል። መድኃኒቶቹ ተጣምረው የሚሰጡት፣ ሳይቋረጡ ይወሰዱ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከነጠላ ስህተት ሌላ ቫይረሶች ዘረመል ይቀያየራሉ። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመል 8 ቁራጭ ነው፤ ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹ ተቀይጠው አዲስ ቫይረስ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1957 ወረርሽኝ ያስነሳው ቫይረስ 3 ቁራጭ፣ በ1968 የመጣው ደግሞ 2 ቁራጭ ከወፍ ኢንፍሉዌንዛ ወስደዋል። ኮሮና ቫይረስ 30,000 ገደማ ኑክሊዮታይድ ያለው ረጅም ዘረመሉን የሚያርም ኢንዛይም ስላለው በየቅጂው የሚሳሳተው ያነሰ ነው። ቢሆንም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ መጀመሪያ በአንድ የስርጭት ሰንሰለት ላይ በወር 2 ያህል ለውጥ ይታይበት ነበር፤ በኅዳር 2021 የታወቀው ኦሚክሮን ሾህ መሰል ፕሮቲኑ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ይዞ መጣ።

ቶሎ መሳሳት ብቻውን ግን ከክትባት አያስመልጥም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኩፍኝ ቫይረስም የማያርም ኢንዛይም ነው ያለው። ሆኖም በ1954 ቦስተን ውስጥ ከታመመ ልጅ ተወስዶ የተዳከመው ቫይረስ ዛሬም ክትባት ሆኖ ይከላከላል። ኩፍኝ ወደ ሴል የሚገባባቸው ፕሮቲኖች ብዙ ለውጥ አይችሉም፤ ሰውነታችንም የሚያጠቃቸው ባንድ ቦታ ብቻ አይደለም።

በፖሊዮ ላይ ስህተቱ ራሱ የጊዜ መለኪያ ሆኗል። ቪፒ1 የተባለው የዘረመሉ ክፍል 900 ገደማ ኑክሊዮታይድ ሲሆን በዓመት 1 በመቶ ያህል ይለወጣል። ስለዚህ ላቦራቶሪ በታማሚ ሰገራ ወይም በፍሳሽ ውስጥ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ከያዘው የአፍ ክትባት የመነጨ ቫይረስ አግኝቶ 9 ያህል ልዩነት ከቆጠረ፣ ቫይረሱ አንድ ዓመት ያህል ሳይታይ ሲዘዋወር ቆይቷል ማለት ነው። በ2019 በሶማሌ ክልል እንደታየው ያለ የዓይነት 2 ፖሊዮ ወረርሽኝ የሚነሳው ክትባት በቂ ልጆችን ሳያዳርስ ሲቀር ነው፤ የተዳከመው ቫይረስ ካልተከተበ ወደ ካልተከተበ እየተላለፈ፣ ያዳከሙትን ለውጦች አንድ በአንድ ይጥላል። ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የዓይነት 2 ክትባት ወደ ኋላ መመለሱ እንዲከብደው ተደርጎ የተሠራ ነው።