ሁሩብ ምንድን ነው?

ሁሩብ በዐረብኛ መሸሽ ማለት ነው። በሳዑዲ አረቢያ ግን «ከፊል» የሚባለው አሠሪ «ሠራተኛዬ ጠፍታለች» ብሎ ለመንግሥት የሚያስመዘግበው ክስ መጠሪያ ሆኗል። ምስክር አይቆጠርበትም፤ አሠሪው ስልኩን ከፍቶ ያስገባዋል። እሷ አትጠየቅም፤ ብዙ ጊዜም አትሰማም።

ከተመዘገበ በኋላ ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ሥራ መቀየርም ሆነ በራሷ ትኬት አገሯ መግባት እጅግ ይከብዳታል። ከተያዘች እስር፣ ከዚያም አሻራ ሰጥቶ መባረርና ተመልሶ ከመግባት መታገድ ይከተላል። ጅዳ አቅራቢያ ባለው ሹሜሲ እስር ቤት ያለፉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል።

የችግሩ ሥር ከፋላ ነው፦ የመኖሪያ ፈቃዱ በአንድ አሠሪ ስም ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የደሞዝ ጥያቄ በአንድ ምዝገባ የኢሚግሬሽን ወንጀል ይሆናል። የወራት ደሞዝ የተያዘባት ሠራተኛ ፖሊስ ጋ ሄዳ ስትከስ፣ ቀድሞ ሁሩብ ተደርጋ ስለተገኘች ተከሳሽ እሷ ትሆናለች። አሠሪው ደግሞ ከመመለሻ ትኬትና ከኢቃማ እድሳት ይገላገላል። የሐሰት ሁሩብ የሚበዛው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ የድርጅት ሠራተኞች በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ፈቅዷል። የቤት ሠራተኛው፣ የቤት ሹፌሩና እረኛው ግን ቀሩ። አብዛኞቹ እህቶቻችን የሚሠሩት ደግሞ በሰው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራን በ10 ሰዓት ገድቧል፣ ፓስፖርት መያዝንም ከልክሏል። ጥሩ ነው፤ ዳሩ ግን ሁሩብ የማስመዝገብ ሥልጣኑ ከአሠሪው እጅ አልወጣም።

ስለዚህ ገና ሰላም ሳለ የፓስፖርቱን፣ የኢቃማውንና የኮንትራቱን ፎቶ አገር ቤት ላለ ዘመድ መላክ ይገባል። ደሞዝ በባንክ ቢገባ ይመረጣል፤ በእጅ የተሰጠ ብር ማስረጃ የለውም። አቤቱታም ከቤት ከመውጣት በፊት ቢቀርብ ይሻላል፤ ቀኑ የተጻፈበት አቤቱታ ከሁሩቡ ከቀደመ መከራከሪያ ይሆናል። ድብደባ ወይም የመደፈር አደጋ ካለ ግን ወረቀት አይጠበቅም፤ ወዲያው ወጥቶ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ፣ ወይም ሪያድ ያለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ያለው ቆንስላ መድረስ ነው። ደላላ በሚያገናኘው ሌላ ቤት ተደብቆ መሥራት የሐሰቱን ሁሩብ እውነት ያስመስለዋል።