ቅቤ ከልክሉት፣ ጨው ቀንሱለት፦ ስለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የምንሰማቸው ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንድ ልጅ ሳል ሌሊት ሌሊት ከተሰማ፣ ጠዋት ብሎኩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ምክሩ ከቅን ልብ ነው። ልጁ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ካለበት ግን፣ አብዛኛው ምክር የሚጠቅመውን ነገር የሚያስቀርበት ነው።

በሽታው አብሮ የሚወለድ ነው። ሲኤፍቲአር የሚባለው ጂን ሲበላሽ ጨውና ውሃ በሕዋሳት በኩል እንደ ወትሮው አይተላለፉም። ሳንባ ውስጥ ያለው አክታ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል። የቆሽት ቱቦዎችም ይደፈናሉ። ስለዚህ ቅባት የሚፈጨው ኢንዛይም አንጀት አይደርስም።

«የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ የለም»

የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፣ እውነት ነው። አፍሪካውያን ላይም ግን አለ። ሳል የማይለቀውና የማይወፍር ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ፣ አስም ወይም የምግብ እጥረት ነው። በአገራችን ቲቢን ማስቀደም ተገቢ ነው። ሕክምናውን ጨርሶም ካልተሻለውስ? ሰገራው ቅባታም ሆኖ በጣም የሚሸት ከሆነ፣ ስትስሙት ቆዳው ጨው ጨው ካለ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት። ዋናው ምርመራ የላብ ምርመራ ነው። ላቡ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያመለክታል። በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፣ ሪፈር ማጻፍ ይጠይቃል። የጂን ምርመራ ብቻውን «የለበትም» ቢል ደግሞ ቶሎ አትመኑ። ብዙዎቹ መደበኛ ምርመራዎች የሚፈልጉት አውሮፓውያን ላይ የሚዘወተሩትን ለውጦች ነው።

«እናትየው ናት ያመጣችበት»

ዓይን በልቶት ነው፣ ቡዳ ነው፣ እርግዝናዋ ላይ የማይሆን ነገር በልታ ነው... የማይባል የለም። ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ሁለቱ ወላጆች ተሸካሚዎች (አንድ የተበላሸና አንድ ደህና ጂን ያላቸው) እንጂ ታማሚዎች አይደሉም። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። «አንዱ ታመመ፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ናቸው» ማለት ግን አይደለም። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል።

«ቅባት አይስማማውም፣ ቅቤውን ተዪው»

በጣም የምናደደው በዚህኛው ነው፣ ምክንያቱም ልጅ ያከሳል። ሰዎች ቅባታም ሰገራ ያያሉ፣ ቅባት ይከለክላሉ። ልጁ ግን ከእኩዮቹ የበለጠ ጉልበት ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል። ለመተንፈስም፣ ኢንፌክሽን ለመታገልም ብዙ ያቃጥላል፣ ከሚበላው ደግሞ ሰውነቱ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። መፍትሔው ቅባቱን በካፕሱል ከሚሰጥ ኢንዛይም ጋር መስጠት ነው። ገንፎው ላይ ቅቤ፣ አጥሚቱ ውስጥ ወተት፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ።

ቆሽቱ የማይሠራ ልጅ ኢንዛይሙን ቅባት ካለው ከማንኛውም ምግብ ጋር ይወስዳል፣ የእናት ጡት ወተትም ቢሆን። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ካፕሱሉን መዋጥ ለማይችል ሕፃን ይከፈትና ፍሬዎቹ በጥቂት የተፈጨ ፖም ይሰጣሉ። አይደቀቁም፣ ትኩስ ምግብ ውስጥም አይጨመሩም። አፍ ውስጥ ከቀሩ ያቆስላሉ፣ ስለዚህ አፉን እዩለት። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ሳይታዘዙለት አይቀሩም፣ ከቅባት ጋር የሚገቡ ናቸውና።

ሁዳዴ ሲገባ ችግሩ ይብሳል። ቤቱ 55 ቀን ሽሮና ምስር ሲሠራ ለአንድ ሕፃን ብሎ ቅቤ የሚያነጥር ማን ነው? ሕፃንም በሽተኛም ጾም አይገደድም። አያት ካልተዋጠላቸው የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ።

ጨውም እንዲሁ ነው። ለአዋቂ ደም ግፊት የሚሰጠው ምክር እዚህ ልጅ ላይ አይሠራም። በላቡ ብዙ ጨው ይወጣል። ለበዓል ወደ አዳማ ወይም አዋሽ ስትወርዱ፣ ትኩሳት ሲይዘው፣ ተቅማጥ ሲኖረው ሊደክምና ሊደርቅ ይችላል። ምን ያህል ጨውና ፈሳሽ እንደሚጨመርለት ከመንገዱ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

«ሳሉን የሚያቆም ሽሮፕ ግዙለት»

ይህ ልጅ መሳል አለበት። ወፍራሙ አክታ የሚወጣው በሳል ነው። ሳል ማፈኛ አክታውን እዚያው ያስቀረዋል። ቤተሰቡ ጠዋትና ማታ ደረቱንና ጀርባውን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ ባለ መዳፍ መታ መታ የሚያደርገው ለዚሁ ነው። አሠራሩን ፊዚዮቴራፒስት ያሳያል። ከምግብ በፊት ቢሆን ይሻላል፣ አለዚያ ያስመልሰዋል። (ከታች ቤት ያላችሁ፣ እየደበደቡት አይደለም።) «አትሩጥ፣ ትታመማለህ» ማለትም ቀርቷል። ሩጫ፣ ዝላይ፣ የሳሙና አረፋ መንፋት ሁሉ ሳንባውን ይጠቅማል።

«ይተላለፋል»

አይተላለፍም። ከልጆቻችሁ ጋር ይጫወት። መጠንቀቅ ያለባቸው ይኸው በሽታ ያለባቸው ሁለት ልጆች ሲገናኙ ነው። ሳንባቸው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፉ ስለሚችሉ ቢያንስ 2 ሜትር ይራራቃሉ። ወላጆቹ ግን በስልክም በቴሌግራምም ይገናኙ፣ እነሱን የሚረዳቸው ያለፈበት ሰው ነው።

«ጠበል ከጀመረ መድኃኒት ይቁም»

ሁለቱ አይጣሉም። ጠበል ይሂድ፣ አንቲባዮቲኩና ኢንዛይሙ አብረውት ይሂዱ።

«ዕድሜ የለውም፣ ለምን ትደክማላችሁ»

ዶሮቲ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በሽታውን በዝርዝር የገለጸችው በ1938 ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ያኔ አብዛኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ካሉት ታማሚዎች ከግማሽ በላይ አዋቂዎች ናቸው። የጂኑን ሥራ የሚያስተካክሉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። በ2019 (በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የጸደቀው ዋነኛው ሲወጣ ዋጋው በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። ኮዬ ፈጬ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ቁጥር ማንበብ ያስቃል፣ ያናድዳልም። ነገር ግን ብዙ ልጆች አዋቂ መሆን የጀመሩት ይህ መድኃኒት ሳይመጣ ገና በፊት ነው። በኢንዛይም፣ በምግብ፣ በደረት ፊዚዮቴራፒና ኢንፌክሽንን ቶሎ በማከም።

ጎረቤት ከሆናችሁ ከሰሉን ኮሪደር ላይ አታያይዙት፣ ጭሱ በቀጥታ እነሱ ቤት ይገባል። ጉንፋን የያዘው ሰው ልጁን አይሳም። እናትየው ለቀጠሮ ከተማ ስትወርድ ታላቅየውን ከትምህርት ቤት የሚቀበልላት ሰው ትፈልጋለች። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷም ሁለት ነገር ትወቅ፦ ካፕሱሉ ከምሳው ጋር ነው፣ ሽንት ቤት ልሂድ ሲልም አይከልከል።