ናሽቪል፦ ሰላማዊ ትግል እንደ ትምህርት የተጠናበት ከተማ

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የእኩልነት ትግል ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው የማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ነው። ይገባዋልም። ሰላማዊ ትግል በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ከናሽቪል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዚህች የቴነሲ ዋና ከተማ በ1960 (ዓመቶቹም ወራቱም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኮሌጅ ተማሪዎች የመሀል ከተማውን የምሳ ባንኮኒዎች በሦስት ወር ውስጥ ለጥቁሮች አስከፈቱ። እኔን ከድፍረታቸው በላይ የሚገርመኝ ዝግጅታቸው ነው።

ናሽቪል ከሌሎች የደቡብ ከተሞች እሻላለሁ ባይ ነበረች። ኮሌጆቿ ብዙ ስለሆኑ "የደቡቡ አቴንስ" ትባላለች። እንደ ፊስክ ዩኒቨርሲቲና ሜሃሪ የሕክምና ኮሌጅ ያሉ አንጋፋ የጥቁሮች ተቋማትም አሏት። የዘር መድልዎው ግን ያው ነበር። በትልልቆቹ መደብሮች ጥቁር ደንበኛ ልብሱንም ሳሙናውንም ይገዛል፤ ገንዘቡን የሚጠላ የለም። እዚያው መደብር ውስጥ ካለው ባንኮኒ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች ማዘዝ ግን ክልክል ነው። ልጆቿን ይዛ ገበያ የወጣች እናት፣ ልጇ ራበኝ ሲላት የምታስቀምጥበት ወንበር አልነበረም። ትግሉ በመሀል ከተማ መደብሮች እንዲጀመር የተወሰነውም እንዲህ ያሉ እናቶች ብሶታቸውን ስለተናገሩ ነው።

ሥልጠናውን የመራው ጄምስ ላውሰን ይባላል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ አልዘምትም ብሎ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሯል። ከእስር ሲወጣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ሕንድ ሄደና ናግፑር ከተማ ተቀመጠ፤ የጋንዲንም የትግል መንገድ እዚያው አጠና። በ1957 ኦሃዮ ውስጥ ከኪንግ ጋር ተገናኙ። ሁለቱም የ28 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ላውሰን ትምህርቴን ስጨርስ ወደ ደቡብ እመጣለሁ ቢለው፣ ኪንግ አትቆይ፣ አሁኑኑ ና አለው። ላውሰንም ናሽቪል ገብቶ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት መማር ጀመረ። ጎን ለጎንም ከቄስ ኬሊ ሚለር ስሚዝ ጋር ሆኖ ሰው ማሠልጠን ያዘ።

ሥልጠናው የሚሰጠው በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ማታ ነው። ወንበሮች እንደ ባንኮኒ ይደረደራሉ። ገሚሱ ተማሪ ተቃዋሚ፣ ገሚሱ ነጭ ዱርዬ ሆኖ ይጫወታል። ዱርዬው ይሳደባል፣ የሲጋራ ጭስ ፊት ላይ ይተፋል፣ ከወንበር ጎትቶ መሬት ይጥላል። የወደቀው ሰው ጭንቅላቱንና ሆዱን እንዴት እንደሚከልል ይለማመዳል። የሚመታህን ሰው ዓይን ዓይኑን እየው፣ ሰው እየመታ መሆኑን እንዳይረሳ፤ ጓደኛህ ክፉኛ ሲደበደብ ላዩ ላይ ተኝተህ ዱላውን ተካፈለው ይባላሉ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ለሚሳደብ ሰው ዝም ማለት ከባድ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እነዚህ ልጆች ግን ልምምድ አድርገው ያዙት።

ከሠልጣኞቹ መካከል ከቺካጎ የመጣችው የፊስክ ተማሪ ዳያን ናሽ፣ የአላባማው የገበሬ ልጅ ጆን ሉዊስ፣ ጄምስ ቤቨል፣ በርናርድ ላፋዬትና ማሪዮን ባሪ ነበሩ። ናሽ መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ይሠራል ብላ አላመነችም። የመጣችው በከተማው ሌላ የሚሞክር ሰው ስላላገኘች ነው። ቆይቶ ግን የተማሪዎቹ ዋና መሪ ሆነች።

የካቲት 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ አራት ተማሪዎች ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብለው አንነሳም አሉ። ናሽቪል ያን ጊዜ ዝግጁ ነበረች። የካቲት 13 ቀን 124 ተማሪዎች በበረዶ ወጥተው በሦስት መደብሮች ባንኮኒ ተቀመጡ። ወንዶቹ ከነከረባታቸው፣ ሴቶቹም እንደ ክት ቀን አምረው ነው የወጡት። ብዙዎቹ መጽሐፍ ይዘው እያጠኑ ጠበቁ። የሚያስተናግድ ሲጠፋ ተነስተው ሄዱ፤ ደግሞ ተመለሱ።

የካቲት 27 ነገሩ ከረረ። ነጭ ወጣቶች ተማሪዎቹን ከወንበር እየጎተቱ ደበደቧቸው፣ የተለኮሰ ሲጋራ ጀርባቸው ላይ አጠፉ። ፖሊስ መጥቶ የያዘው የተደበደቡትን ነው፤ 80 ያህሉን ወሰደ። አንዱ ቡድን ሲታሰር ሌላው መጥቶ ወንበሩን ሲይዝ ግን ፖሊሶቹ ግራ ገባቸው። ተማሪዎቹ የያዟትን ወረቀት ያዘጋጁት ሉዊስና ላፋዬት ናቸው። ቢመቱህ አትምታ፣ አትሳደብ፤ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ፊትህን ከባንኮኒው አታዙር፤ መሪህ ሳይፈቅድ ወንበርህን አትልቀቅ፤ ምንጊዜም ትሑት ሁን ትላለች። ዛሬ ናሽቪል የሚሄድ ሰው እነዚህን ደንቦች በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ለትግሉ መታሰቢያ በተሠራው ክፍል ውስጥ ተጽፈው ያገኛቸዋል። እግር የጣለው ሰው ሳያያቸው እንዳይመለስ።

ፍርድ ቤቱ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር ቀጣቸው። እነሱ አንከፍልም፣ እንታሰራለን አሉ። ናሽ ለዳኛው ስታስረዳ፣ መቀጮውን መክፈል የታሰርንበትን ግፍ መደገፍ ነው አለች። ቫንደርቢልት ደግሞ ምረቃው ሲቃረብ ላውሰንን አባረረው። ይህን ተቃውመው ብዙ የነገረ መለኮት መምህራን ከሥራ ለመልቀቅ ማመልከቻ አስገቡ።

ነጋዴዎቹን ያስጨነቃቸው ግን ኪሳቸው ነው። ጥቁሮች ለፋሲካ ከመሀል ከተማ አንገዛም ብለው አደሙ። የፋሲካ ልብስ ለዚያ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም ብንሆን የበዓል ልብስ ማለት ምን እንደሆነ አናጣውም። ገበያው ቀዘቀዘ። ብዙ ነጮችም ረብሻ ፈርተው ቀሩ። ይህን የአድማ ክፍል ያሳኩት በአብዛኛው ስማቸው መጽሐፍ ላይ ያልሰፈረ የቤት እመቤቶችና ሠራተኛ ሴቶች ናቸው።

ሚያዝያ 19 ንጋት ላይ የተማሪዎቹ ጠበቃ የዚ. አሌክሳንደር ሉቢ ቤት በዲናሚት ተመታ። ፍንዳታው ፊት ለፊት ያለውን የሜሃሪን መስኮቶች ሳይቀር አረገፈ። ሉቢና ባለቤቱ በተአምር ተረፉ። በዚያው ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሦስት ሦስት እየሆነ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመመ። መፈክር የለም፣ ዘፈን የለም፤ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ከንቲባ ቤን ዌስት ደረጃው ላይ ወጥቶ ተቀበላቸው። መጀመሪያ ከቄስ ሲ. ቲ. ቪቪያን ጋር በቃላት ተጋጩ። ከዚያ ናሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፦ ሰውን በቀለሙ ብቻ ማግለል ስህተት ነው ብለህ ታምናለህ? ከንቲባው እንደ ፖለቲከኛ ሊያመልጥ ይችል ነበር። አዎ፣ ስህተት ነው አለ። በማግስቱ የከተማው ጋዜጣ ይህንኑ በፊት ገጹ ይዞ ወጣ።

ግንቦት 10 ስድስት መደብሮች ባንኮኒያቸውን ከፈቱ። አከፋፈቱም በስምምነት ነበር፤ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ ጥቂት ጥቁር ደንበኞች ገብተው አዘዙ፣ በሉ፣ ወጡ። ሲኒማ ቤቶቹ፣ ሆቴሎቹና አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች ግን ገና ሌላ ትግል ይጠብቃቸው ነበር።

ልጆቹ እዚያ አልቆሙም። በዚያው ሚያዝያ የመብት ታጋይዋ ኤላ ቤከር በጠራችው ስብሰባ የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ በአጭሩ ስኒክ፣ ሲመሠረት ማሪዮን ባሪ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆነ። ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሀበሻ ይህን ስም አይስተውም፤ ባሪ ኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ አራት ጊዜ ተመርጧል። በ1961 የዘር መለያየትን ለመቃወም ጥቁርና ነጭ አብረው በአውቶቡስ ወደ ደቡብ የተጓዙት "የነፃነት ተጓዦች" አውቶቡሳቸው አላባማ ውስጥ ሲቃጠል፣ ጉዞው እንዲቀጥል ከናሽቪል ሰው የላከችው ናሽ ናት። አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ስልክ ደውሎ ልጆቹ ይሞታሉ፣ አስቁሚያቸው ቢላት፣ ማታውኑ ኑዛዜያቸውን ፈርመዋል ብላ መለሰችለት። ሉዊስ በዚያ ጉዞ ሞንትጎመሪ ላይ ተፈነከተ፤ በ1965 ለመምረጥ መብት ሰልፍ ሲመራ አላባማ ውስጥ ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ደግሞ በፖሊስ ዱላ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወጣቶች የሰላማዊውን መንገድ ጥቅም መጠራጠር ጀመሩ፤ በ1966 ሉዊስም የስኒክን ሊቀመንበርነት አጣ። ስንት ዱላ እንደወረደባቸው ላሰበ ሰው መጠራጠራቸው የሚያስወቅስ አይደለም።

ከትግሉ የተገኙት ሕጎች እኛንም ነክተዋል። በ1964 መድልዎ በሕግ ታገደ፣ በ1965 ክረምት የመምረጥ መብት ተከበረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ የአገር ኮታ እያለ ለአፍሪካውያን ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይተው የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ ተቀየረ። ዛሬ እህት ወንድሙን በቤተሰብ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሚያመጣ ኢትዮጵያዊ የሚጠቀመው በዚያ ሕግ በተከፈተው በር ነው።

ናሽ የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ የተሸለመችው በ2022 ነው፤ በጣም ዘግይቶ። ላውሰንን ያባረረው ቫንደርቢልት በበኩሉ በ2006 ጠርቶ አስተማሪ አደረገው። ላውሰን በ2024 በ95 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ሰላማዊ ትግል ማስተማሩን አልተወም።